ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚደረግ የአተነፋፈስ ልምምድ



በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን በር ሊያበላሽ እንደሚችል፣ በአገራችንም ብዙ ወጣቶችን ለቀዶ ሕክምና የሚያደርሰው ይኸው እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ሄደው የተመለሱ ልጆች በየአጥቢያችን አይጠፉም። እነርሱ ቤታቸው ሲገቡ ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው የንስሐ አባታቸውና ጎረቤታቸው ነው።

በቀዶ ሕክምናው የፍርምባው አጥንት ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ የልብንና የሳንባን ሥራም አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ ተክቶ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ቁስሉ ስለሚያመው አጭር አጭር ይተነፍሳል፣ ማሳልንም ይፈራል። የሳንባው የታችኛው ክፍል በቂ አየር ሲያጣ አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል። «አትነቃነቅ፣ ዝም ብለህ ተኛ» የሚለው የጠያቂ ምክር ከፍቅር ቢመነጭም የሚጎዳው ስለዚህ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነው። ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ትከሻውን ያላላ፤ እጁን በሆዱ ላይ ያሳርፍ። በአፍንጫው ቀስ ብሎ በጥልቀት አየር ያስገባ፤ 2 ወይም 3 ሰከንድ ያቆየው፤ በአፉ ቀስ ብሎ ያውጣው። ሐኪሙ የተለየ ትእዛዝ ካልሰጠ በቀር፣ ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየሰዓቱ እስከ 10 ጊዜ ይደግመው፤ ካዞረው ይረፍ። በመጨረሻም ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎ ይሳል። ስፌቱ የሚፈታ እየመሰለው የሚፈራውን ይህ ድጋፍ ያበረታዋል። አንዳንድ ሆስፒታል ኳሶች ያሉት የመተንፈሻ መለማመጃ ዕቃ ይሰጣል፤ እርሱ ባይገኝም ልምምዱ አይቀርም።

የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ጢስ ሕመምተኛው ከተኛበት ክፍል ይውጣ። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው እናቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

ለአባቶች ግን አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የፍርምባው አጥንት እስኪጠና 3 ወር ያህል ይፈልጋል፤ በስግደት ጊዜ በእጅ መሬት ገፍቶ መነሣት ያልጠገገውን አጥንት ሊያላቅቀው ይችላል። ሕመምተኛው ይህን ከሐኪም ብቻ ሲሰማ ስግደት ማቋረጡን እንደ በደል ይቆጥረዋል፤ ከንስሐ አባቱ ሲሰማ ግን ልቡ ያርፋል። ስለዚህ ሳይጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ወይም ሲያስል የፍርምባው አጥንት ሲንቋቋ ከተሰማ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለዚያ ቀን የሚሆነውን የመኪና ኪራይ የሰበካው ምግባረ ሠናይ ክፍል ከወዲሁ ለይቶ ያስቀምጥ።