ሸክምና የክብደት ልምምድ



ሴት ከባድ ብረት ብታነሣ ሴትነቷ ይጠፋል የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኛም እንጠይቃቸዋለን። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፥ የቧንቧ ውሃ ባልደረሰበት መንደር፥ ከወንዝ ቀድታ ዳገቱን የምትወጣው እኅታችን የተሸከመችው ምንድን ነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። በዚያ ሸክም ሴትነቷ ይጠፋል ብሎ የሠጋላት ሰው ግን አላየንም።

ይህን ስንል ሸክም ስፖርት ነው ማለታችን አይደለም። የክብደት ልምምድ ልክ አለው። በቀላሉ ይጀመራል፤ ጡንቻ ሲለምድ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ በመካከሉ ዕረፍት አለ፤ በቂ ምግብም ይፈልጋል። ጡንቻም አጥንትም የሚጠነክሩት በዚህ ሥርዓት ነው። እንስራ ግን ለደከመችውም፥ ለተራበችውም፥ ለነፍሰ ጡሯም ያው እንስራ ነው።

የሴቶች ክብደት ማንሣት በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል። የዓለም የጤና ድርጅትም ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲደረግ ሲመክር ወንድና ሴት አይለይም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ብረት ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ለሴት ተማሪዎች ሰዓትና አሠልጣኝ ይመደብላቸው። ሁለተኛ፥ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ፥ ጉልበታችንን በብረት የምናሳይ ወንዶች ጀሪካኑን ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ጀርባ እንቀበል።