አትክልት በጣሪያችን ላይ፦ ከወጪው በፊት ክብደቱን እናስላ



በሶሌታው ጣሪያችን ላይ ጎመን እንትከል የሚለው ሐሳባችሁ ደስ አሰኝቶናል። አፈር ያለበት ጣሪያ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ የትግራይ ሕድሞ ቤት ጣሪያው በእንጨት ላይ አፈር ተደልድሎ የሚሠራ ነው። እኛ ሒሳብ የያዝነው ግን ከብሩ በፊት ኪሎውን አስልተናል።

አረንጓዴ ጣሪያ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ስስ አፈር ላይ ሣርና ድርቅ የሚችሉ አጫጭር ተክሎች የሚበቅሉበት ነው፤ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም። ከባዱ ጥልቅ አፈር ስላለው አትክልት፣ ቁጥቋጦ፣ ዛፍም ያበቅላል፤ ውኃና ጉልበት ግን ይጠይቃል። ለሁለቱም ከአፈሩ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍና ማፋሰሻ የግድ ነው።

የደብረ ታቦርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናብ የጠጣ የማሳ አፈር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በ1 ካሬ ሜትር ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጣሪያችን 40 ካሬ ሜትር ነው፤ ከ60 ኩንታል በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ እንጀራ የሚጋግሩ እኅቶቻችንና ልጆቻቸው ይውላሉ።

ስለዚህ ከቁጠባችን አንድ ብር ሳይወጣ፣ ጣሪያው የሚችለውን ጭነት መሐንዲስ መርምሮ በጽሑፍ ይስጠን። እስከዚያው ጎመኑንና ቆስጣውን ግቢያችን ውስጥ በጆንያና በአሮጌ ባልዲ እንጀምር። የቆርቆሮ ቤት ያለን ደግሞ ዝናቡን በአሸንዳ ወደ በርሜል እናጠራቅም፤ ዝናቡ ሲቋረጥ አትክልታችን የሚጠጣው አያጣም።