ሥሩ ከተከፈተ በኋላ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ እግር ደም መልስ ነው። ርእሱን አስቀድመው የሰሙ ጓደኞቼ «የሽማግሌ በሽታ መረጥህ» ብለው ሥቀውብኛል። ነገር ግን በእግሩ ጥልቅ ሥር ውስጥ ደም የሚረጋበት ወጣትም አለ። ደም ከረጋባቸው ከ100 ሰዎች ከ20 እስከ 50 የሚሆኑት ቆይቶ እግራቸው ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቆዳው ይጠቁራል፤ በአንዳንዶቹም ከቁርጭምጭሚት በላይ ቶሎ የማይድን ቁስል ይወጣል። ሐኪሞች ይህን ፖስት ትሮምቦቲክ ሲንድሮም ይሉታል።

የረጋው ደም ሲሟሟ ሥሩን እንደ ቀድሞው አይተወውም። ውስጡ ጠባሳ ይይዛል፤ ደም ወደ ታች እንዳይመለስ የሚከለክሉት ትናንሽ መዝጊያዎችም ይበላሻሉ። ጠባሳው ዳሌ ውስጥ ሲሆን መውጫው ይጠባል። ግራው እግር በተለይ ይጎዳል፤ የቀኙ ደም ቅዳ የግራውን ደም መልስ ከአከርካሪ አጥንት ጋር ስለሚጫነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ማይና ቱርነር የተባሉ ሐኪሞች 430 አስከሬን መርምረው በ22 በመቶው ላይ በዚያው ቦታ ሥሩን የሚያጠብ ግርዶሽ አግኝተዋል።

ዛሬ ሐኪም የጠበበውን ቦታ በፊኛ አስፍቶ ስቴንት የሚባል ከሽቦ የተሠራ ቱቦ ያኖርበታል። ብዙ ሰው ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስለዋል። እኔ የምቃወመው ይህን አሳብ ነው። ስቴንት መንገድ ይከፍታል እንጂ ደም አይገፋም! ከጭን የሚመጣው ደም ጥቂት ከሆነ በቱቦው ውስጥ ያዘግማል፤ ያዘገመ ደም ደግሞ ይረጋል። ስለዚህ ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት ከብሽሽት በታች ያሉት ሥሮች በሚገባ መታየት አለባቸው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሠራተኛ ባት ነው። ሳንንቀሳቀስ ስንቆም በቁርጭምጭሚት ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስንራመድ ግን የባት ጡንቻ ሥሩን እየጨመቀ ደሙን ሽቅብ ይልካል፤ በጤነኛ ሰው ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። (መምህራኖቻችን ሲያስተምሩ ወዲያ ወዲህ ማለታቸው ሳያውቁት ለእግራቸው የሚሠሩት ደግ ሥራ ነው።) መዝጊያው የተበላሸበት ሰው ያን ያህል አይወርድለትም፤ ቢሆንም የባቱ ጉልበት ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካናዳ የታተመ ጥናት በ43 ሕመምተኞች ላይ የስድስት ወር የአካል እንቅስቃሴ ሞክሮ የኑሮ ሁኔታቸው እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ጥናቱም ስለ ስቴንት የተደረገ አይደለም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ «ተራመድ» ያለውን ሰው ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ «ተኛ፣ እንዳትነሣ» እያለ አልጋ ላይ ሲያስረው ማየት ያሳዝናል።

ስለሚያጠብቀው ካልሲም ብዙ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በ806 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት በሽታው እንዳይመጣ አልከለከለም። እብጠቱ የሚቀልለት ሰው ግን ቢያደርገው አይከፋም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ የሚያቋርጥ ሰው ግን ስቴንቱን በገዛ እጁ ሊዘጋው ይችላል።

እግሩ በድንገት እንደገና ካበጠ ወይም ከከበደ ነገ አይበል፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂድ። አዲስ የረጋ ደም ሊወጣ ወይም ሊሟሟ ይችላል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን እየጠነከረ ይሄዳል።