ገመድ አልባ ማይክሮፎን በቤተ ክርስቲያን፦ አተካከሉና የብልሽቱ ፍለጋ

(በቆጋ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤያት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)





ስለ መስኖና ስለ ችግኝ በተሰበሰብንበት ጉባኤ ስለ ማይክሮፎን ንግግር መያዙ ያስገረማችሁ ትኖራላችሁ። ነገሩ ከልማቱ የራቀ አይደለም። በቆጋ ግድብ እንዲለማ የታቀደው 7,000 ሔክታር ገደማ መሬት ውኃ የሚያገኘው በተራ ነው። የውኃው ተራ፣ የክትባቱ ቀን፣ የእድሩ ጥሪ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገራል። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት አረጋውያንና ሕፃን ያዘሉት እናቶች ካልሰሙት ግን እንዳልተነገረ ነው። ስብከቱም እንዲሁ።

ገመድ አልባው ማይክ ለእኛ ሕንፃ የሚያመች መሆኑ አያከራክርም። ከመቅደስ እስከ ቅኔ ማኅሌት ገመድ ቢዘረጋ በመጋረጃው ሥር ያልፋል፤ የሚያጥነውንም ካህን ያደናቅፋል። ይሁን እንጂ ማይኩ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ መሆኑን መርሳት የለብንም። ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሚሊዋት ብቻ ነው። ይህች ደካማ ሞገድ የመቅደሱን ግንብ፣ የሕዝቡን ብዛትና የጣሪያውን ቆርቆሮ አልፋ ተቀባዩ መሣሪያ፣ ማለትም ሪሲቨሩ ዘንድ መድረስ አለባት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሪሲቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በብዙ አጥቢያዎች ለጥበቃ ሲባል ዕቃ ቤት፣ ያውም በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይገኛል። ብረት ሞገድን ያግዳል። ሪሲቨሩን ከሚክሰሩ ጋር አርቆ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ማይኩ አቅርቦ ከዚያ እስከ ሚክሰሩ ጥሩ የድምፅ ገመድ መዘርጋት ይሻላል። ከፍታውም ከቆመ ሰው ራስ በላይ ይሁን። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገድን ይውጣል፤ ሐሙስ ዕለት በባዶ ቤተ ክርስቲያን ያለ እንከን የሠራው መሣሪያ በንግሥ ቀን የሚቆራረጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቆርቆሮው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሞገዱን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ቀጥታ የመጣውና ከጣሪያው የተመለሰው ተገናኝተው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። በ500 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና፣ ሰባኪው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ሲል ድምፁ ጠፍቶ ይመለሳል። ሁለት አንቴና ያላቸው ሪሲቨሮች የተሠሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል። አንቴናዎቹን አጣጥፎ ማስተኛት ይህን ጥቅም ያስቀራል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግቶ ማቆም ይገባል።

ሲተከል በቅድሚያ ማይኮቹ ሁሉ ይጥፉ። ሪሲቨሩ ነጻውን ፍሪኩዌንሲ ይፈልግ፤ ከዚያ ማይኮቹን አንድ በአንድ አብሩ። ቀጥሎ አንድ ሰው እየቆጠረ ይዞር። ወደ መቅደስ ባለሙያው ስለማይገባ ይህን ሥራ ዲያቆን ይፈጽመው። ድምፁ የተቋረጠበት ቦታ ካለ ሪሲቨሩን አንሥቶ ሌላ ቦታ መሞከር እንጂ ወዲያው ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ከሁለት በላይ ማይክ ላላችሁ አጥቢያዎች አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ በ500.0፣ ሌላው በ500.4 ሜጋ ኸርዝ ቢሠራ ሁለቱ ተዳቅለው በ499.6ና በ500.8 ላይ ሐሰተኛ ሞገድ ይወልዳሉ። ሦስተኛው በ500.8 ላይ ከሆነ ሲረበሽ ይውላል። እኩል አራርቆ መደርደር ያማረ ቢመስልም ችግሩን የሚፈጥረው እርሱ ነው። ፋብሪካው ያዘጋጀውን አንድ ግሩፕ መርጦ ማይኮቹን በዚያ ግሩፕ ውስጥ በተለያየ ቻናል ማድረግ ከዚህ ስሌት ያሳርፋል።

ብልሽት ሲመጣ የሪሲቨሩን መብራት ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው። የሞገድ መብራቱ ካልበራ ችግሩ ከባትሪው፣ ከርቀቱ ወይም ከፍሪኩዌንሲው አለመገጣጠም ነው። የሞገዱ በርቶ የድምፁ መብራት ካልተንቀሳቀሰ የማይኩን ድምፅ መዝጊያ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ጣት ነክቶት ተዘግቶ ይገኛል። ሁለቱም እየሠሩ ከሞንታርቦው ድምፅ ካልወጣ ማይኩን ተዉት፤ ገመዱንና ሚክሰሩን ፈትሹ። ማይኩ ጠፍቶ ሳለ የሞገድ መብራቱ ከበራ ደግሞ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ሌላ ሰው አለና ቀይሩት። አንድ አጥቢያ ማይኩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ሲገዛ፣ የቀድሞው ጥፋት ግን የተሰበረ የገመድ ጫፍ ነበር። ምእመናን በሳንቲም ያዋጡት ገንዘብ ነውና ከግዢ በፊት እነዚህ አራት ምልክቶች ይታዩ።

ፉጨቱ ከሞገድ ጋር አይገናኝም። ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይኩ ሲገባ ይጮኻል። ሞንታርቦዎቹ ከሰባኪው ፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ ዞረው ይቀመጡ፤ ማይኩም ከአፍ በአራት ጣት ያህል ይቅረብ። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የሚገባው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ያለ ወጪ የተገኘ ጉልበት ነው። ራሱን በመዳፍ መሸፈን ፉጨቱን ያብሳል፤ በብዙዎቹ የእጅ ማይኮች አንቴናው ከታች ስለሆነ ጫፉን መጨበጥም ሞገዱን ያዳክማል። እፍ እያሉና እየመቱ መሞከርንም አባቶች ይቅር ቢሉልን ደስ ይለናል። ስለ ማኅሌቱ ከተጠየቅሁ፣ ከበሮና ጸናጽል ማይክ የሚያሻቸው አይመስለኝም።

የባትሪ ድንጋይ ነገር አጭር ነው። ተራው 1.5 ቮልት ሲሆን ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ነው፤ ሙሉ ሆኖ ሳለ መሣሪያው እያለቀ እንደሆነ ቢያሳይ አትደንግጡ። ለትንሣኤ ሌሊት ግን መለወጫ ይዘጋጅ።

በመጨረሻ ከውጭ አገር ስለሚላኩልን ስጦታዎች። ወንድሞችና እኅቶች በቅንነት ይልካሉ፤ ዕቃው ግን አንዳንዴ እዚያ ሥራ ያቆመ ነው። በአሜሪካ ከ698 እስከ 806 ሜጋ ኸርዝ ያለው ከ2010 እ.ኤ.አ.፣ የ600ው አብዛኛው ክፍል ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማይክሮፎን እንዳይውል ተከልክሏል። በአፍሪካም ከ694 በላይ ያለው እስከ 790 ድረስ ለሞባይል ስልክ ተመድቧል። ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት በጀርባው የተጻፈውን ቁጥር በፎቶ አስመጡ። በአገራችን ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ፈቃዱን ከእርሱ ጠይቁ።

ከምሳ በኋላ ሪሲቨር ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ አዳራሹ የኋላ በር ቅረቡ። ማይኮቹን አጥፍታችሁ ግቡ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከበሩ የማንም መብራት አይነበብም።