ፊደል የምትቈጥር መኪና
በደባርቅ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



በፊታችሁ ቆሜ እናገር ዘንድ የታዘዝሁት ስለ ኮምፒዩተርና በውስጧ ስለሚሠራው፤ የዘመኑ ሰው ሶፍትዌር ብሎ ስለሚጠራው ጥበብ ነው። ይህ ነገር ለከተማ ሰው እንጂ ለገጠር መምህርና ለሽማግሌ የሚጠቅም የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። የኔ ንግግር ግን ወደ አንድ ነገር ብቻ ያዘነብላል፤ ይኸውም የዚህ ጥበብ መጀመሪያ የሕፃን ስም በመዝገብ የሚጻፍባት ሰዓት መሆኗ ነው። በዚያች ሰዓት ብዕሩን የሚይዘው የከተማው ሊቅ ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

አስቀድሞ ሶፍትዌር ምን እንደ ሆነ ከምናውቀው ነገር ተነሥተን እንመልከት። ኮምፒዩተር የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ናት፤ ከራሷ የምታውቀው ነገር የለም። የሚያሠራት ደረጃ በደረጃ የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ይህን በዚህ አብዛ፤ ያን በዚያ ግደፍ፤ እንዲህ ቢሆን ይህን አድርግ፤ ባይሆን ያን አድርግ የሚል። ሶፍትዌር የሚባለው ይኸው ትእዛዝ ነው። ለአባቶቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብም እንዲሁ ያለ ትእዛዝ ነውና። የ2016 ዓመተ ምሕረትን አጽዋማት ለማውጣት የፈለገ ሰው 5500ን ከ2016 ጋር ደምሮ 7516 ያገኛል፤ ይህንም ለ19 ቢያካፍለው 11 ይተርፋል። ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አብዝቶ በ30 ቢገድፈው አበቅቴው 20 ይሆናል፤ በ19 አብዝቶ በ30 ቢገድፈው መጥቅዑ 10 ይሆናል፤ ሁለቱም ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ሒሳቡ እንዳልተሳሳተ ይታወቃል። ቀጥሎም ትእዛዙ መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፤ ከ14 ቢያንስ በጥቅምት ይውላል ይላል። 10 ከ14 ያንሳልና በዓሉ ጥቅምት 10 ቀን ዋለ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነበረ። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነውና ከ10 ጋር ተደምሮ መባጃ ሐመሩ 18 ሆነ፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 18 ቀን ገባ።

ይህን ስሌት የሚሠራ ሊቅ ቢደክም ሊሳሳት ይችላል፤ መኪናይቱ ግን የታዘዘችውን ያለ ድካም በቅጽበት ትፈጽማለች። ጉድለቷም ከዚሁ ይመጣል፤ ሊቁ ያልተጻፈውን ያስተውላል፤ እርሷ ግን ከታዘዘችው በቀር ምንም አታስተውልም።

ፊደልንም የምታውቀው በቁጥር ነው። እኛ በልጅነታችን በየኔታ ፊት ተቀምጠን በስንደዶ እየጠቆምን ሀ ሁ ባልን ጊዜ ፊደል ቈጠርን እንላለን። መኪናይቱም በእውነት ትቈጥራለች፤ ኤሌክትሪክ መኖሩንና አለመኖሩን እንጂ የቀለምን መልክ አታይምና። መኖሩን 1፤ አለመኖሩን 0 ብለው ሁለቱን በመደርደር ማናቸውንም ቁጥር ይጽፉባታል፤ ለያንዳንዱም ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ነገር ግን ፊደላችን እዚህ የደረሰው ብዙ ተደክሞበት ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ በማተሚያ ከታተሙት የግእዝ መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። ኋላም በአገራችን ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አዘጋጁ። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ጥቂት፤ የፊደላችን ቁጥር ግን ከ200 በላይ ስለ ሆነ የፊደሉ አካልና ቅጥያው በልዩ ልዩ ቁልፍ እየተመታ ይጋጠም ነበር። ይህን ጊዜ ፊደል ለመኪና ጐነበሰ ማለት ነው።

እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፤ ከነዚህም ዶክተር አበራ ሞላ፤ ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ደከሙ። በዚያው ዘመን በዚህ ሥራ ከተነሡት ድርጅቶች አንዱ በኛው ተራራ ስም ዳሸን ተብሎ ይጠራ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፤ በአንዱ ሠሪ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት መኪና ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። ይህም አንዱ የኔታ ሀን መጀመሪያ፤ ሌላው የኔታ ሀን መጨረሻ አድርገው ቢያስተምሩ ደቀ መዛሙርቱ እርስ በርሳቸው እንደማይግባቡ ነው።

መድኀኒቱ ዩኒኮድ የሚባል የዓለም ሁሉ ስምምነት ሆነ። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ሲሆን፤ የኛ ፊደል በ1999 ገባበት። በዚህ ስምምነት ሀ 4608፤ ሁ 4609፤ ሂ 4610 እያለ ሄዶ ሆ 4614 ነው። ለ ደግሞ 4616 ነው። ለያንዳንዱ ቤት ስምንት ስፍራ ተመድቦለታል፤ ሰባቱ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፤ ስምንተኛውም እንደ ሏ ላለው ዲቃላ ፊደል ነው። የአባቶቻችን የፊደል ገበታ ተራው ሳይፈርስ ወደ መኪና ገባ፤ በዚህ ጊዜ መኪና ለፊደል ጐነበሰች። በ2005ም ለብሊን፤ ለምዕንና ለሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ ይዘት፤ ደረት፤ ርክርክ፤ ድፋት፤ ቅናት፤ ጭረት፤ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት የዜማ ምልክቶችም አብረው ገቡ። ቅዱስ ያሬድ በመጨረሻ ዘመኑ መንኖ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደ መጣ በሚነገርበት አገር የምንኖር ሰዎች በዚህ ደስ ሊለን ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የሶፍትዌር አካሄድ በሦስት ነገር ተለወጠ። አንደኛው፤ ቀድሞ በቢሮ ብቻ የነበረው ሥራ ወደ እጅ ስልክ ወረደ፤ ከግንቦት 2013 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ሰው በቴሌብር ገንዘብ በስልኩ ይልካል፤ ይቀበላልም። ሁለተኛው፤ ተለያይተው የነበሩ መዝገቦች እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ የሰውን ስም፤ የልደት ቀን፤ የፊቱን መልክ፤ የ10 ጣቱን አሻራና የዐይኑን ምልክት መዝግቦ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 ዓመተ ምሕረት በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ሦስተኛው፤ ቀድሞ ትእዛዙን ሁሉ ሰው ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ከዚያው የሚማሩ መኪናዎች ተነሥተዋል። እነዚህ እኛ የምንጽፈውን ይማራሉ፤ ስሕተታችንንም እንዲሁ ይማራሉ።

እንግዲህ ወደ ሕፃኑ ስም እንመለስ። ቀድሞ መዝገብ የሚያገላብጥ ጸሐፊ ሰው ነበረ፤ በአንዱ ወረቀት ኃይለ፤ በሌላው ሀይለ ተጽፎ ቢያገኝ አንድ ሰው መሆኑን ያስተውል ነበር። ለመኪናይቱ ግን ኃ 4739፤ ሀ 4608 ነው፤ ካልታዘዘች በቀር ሁለቱን አንድ አታደርግም። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው ቀለም ሀ፤ ሃ፤ ሐ፤ ሓ፤ ኀ፤ ኃ ተብሎ በ6 መንገድ ሲጻፍ ይታያል። ሥ ወይም ስ ቢባል 12 ይሆናል፤ ስሙ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ ቢጻፍ ደግሞ 24 ይሆናል። አንድ ልጅ ለመኪናይቱ 24 ሰው ሆነ ማለት ነው። አሕመድ የሚባለውም ልጅ አህመድ ወይም አኅመድ ተብሎ ቢጻፍ ችግሩ ያው ነው።

ይህን የምናገረው ከሌላ ሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ እጅ አጥፍቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሳንቃ በር ወዲያ ካለ መንደር አንድ ወጣት የትምህርት ማስረጃው ይገለበጥለት ዘንድ ወደኔ መጣ። በቀድሞው ወረቀቱ ስሙ ሀይለስላሴ ተብሎ ተጋጥሞ ተጽፎ ነበር። እኔም በቅኔ ቤት የተማርሁ ነኝና ይህን ስሕተት አይቼ ማለፍ አልቻልሁም፤ ሳልጠይቀው ኃይለ ሥላሴ ብዬ አቃንቼ ጻፍሁለት። በግእዙ ሕግ እውነቱ ከኔ ጋር ነበረ። ወጣቱ ግን ወረቀቱን ይዞ ወደ ሄደበት ቢሮ በደረሰ ጊዜ ስሙ በመኪናይቱ ቢፈለግ አልተገኘም፤ በዚህ ስም የተማረ የለም ተባለ። በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ እኔም የጻፍሁትን ሰርዤ እንደ ቀድሞው ስሕተት ጽፌ ሰጠሁት፤ ደግሞም ሄደ። በሄደና በተመለሰ ጊዜ ግን የምዝገባው ቀን አልፎ ስለ ነበር አንድ ዓመት ቀረበት። እርሱ አልተቈጣኝም፤ ስሙን የጻፈለት የመጀመሪያው መምህር በምን ፊደል መጻፍ እንደ ነበረበት ብቻ ጠየቀኝ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ወደ እናንተም ያመጣኝ እርሱ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገር ላሳስብ። መምህራን ሆይ፤ ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ቀን የልደት ወረቀት ካለው ከዚያው ቀለም በቀለም ቅዱ። ከሌለው ግን አትቸኩሉ፤ ወላጁን ጠይቁ፤ የስሙን ምሥጢር የሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቁ፤ የአባቱንና የአያቱንም ስም እንዲሁ አድርጋችሁ በትክክለኛው ፊደል ጻፉ። ስሙ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ግን፤ የተሳሳተ እንኳ ቢሆን፤ እንደ እኔ በዕውቀታችሁ ተመክታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ አታቃኑት። መቃናት ያለበት እንደ ሆነ በሕግ መንገድ፤ በመዝገቡ ሁሉ ባንድነት ይቃና። ልጁም የራሱን ስም አስተካክሎ መጻፍን ከሁሉ አስቀድሞ ይማር፤ በየቢሮው አብሮት የሚሄድ መምህር የለምና። በስልክና በኮምፒዩተር የሚጽፉ ልጆችንም ሁለት የላቲን ነጥቦችን አጋጥመው አራት ነጥብ እንዳያስመስሉ ከልክሏቸው፤ እውነተኛው አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር 4962 አለው፤ ያለዚያ መኪናይቱ ዐረፍተ ነገሩ ማለቁን አታውቅም።

አባቶች ሆይ፤ ችግሩ ይህ ከሆነ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ቀንሰን እንረፍ የሚሉ ሰዎች አሉ። በኔ አሳብ ይህ ትክክል አይደለም። በግእዝ ሠረቀ ወጣ፤ ሰረቀ ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ፊደሉ ቢጠፋ ፀሐይና ሌባ ይቀላቀላሉ። ትእዛዝ ጸሐፊዎቹ መኪናይቱን ስም ስትፈልግ ሀንና ሐን ኀንም እንደ አንድ አድርገሽ ፈልጊ፤ የተጻፈውን ግን እንደ ተጻፈ ጠብቂ ብለው ማዘዝ ይችላሉ፤ ይህም የማይቻል ጥበብ አይደለም። በየከተማው ይህን ሙያ የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ ከናንተ ደቀ መዛሙርት መካከልም ይወጣሉ። ነገር ግን የፊደሉን ልዩነት ከናንተ ካልተማሩ ለመኪናይቱ ምን ብለው ያዟታል?

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚሄድ መንገደኛ በሳንቃ በር ያልፋል። እንዲሁም ልጆቻችን ወደ ትምህርት፤ ወደ ሥራና ወደ ሕክምና የሚያልፉበት በር ዛሬ ስማቸው ሆኗል። የዚያን በር ቁልፍ የምትሠሩ እናንተ ናችሁና፤ ነገ አንድ ሕፃን በፊታችሁ ቆሞ ስሙን ሲነግራችሁ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ደግማችሁ ጠይቁት።

እግዚአብሔር ትጋታችሁን ይባርክ።