አሮጌ መኪና፣ አዲስ ማስተር

የፍሬን ማስተር የእግርን ግፊት በፍሬን ዘይት በኩል ወደ ጎማዎቹ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቮልስዋገኖች ማስተራቸው ባለ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ቱቦ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። አዲሱ ማስተር ግን ሁለት ክፍል ስላለው አንዱ ቢከዳ ሌላው መኪናውን ያቆማል።

ማስተር ሲቀየር ቀድሞ የሚታየው የውስጡ ስፋት ነው። ሰፊው ብዙ ዘይት ይገፋል፤ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ጠባቡ ይቀላል፤ ፔዳሉ ግን ወደ ታች ይጠልቃል። በፔዳሉ ዘንግና በማስተሩ ፒስተን መካከል ትንሽ ክፍተት ካልተተወ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፤ ይግላልም። ለዲስክ የተሠራ ማስተርም ለታምቡር ፍሬን እንዳለ አይስማማም።

የፔዳሉን ክብደት የሚያቀልለው ሰርቮ የሚያግዘው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ነው። የእነዚህ ቮልስዋገኖች ሞተር ከኋላ በመሆኑ ሰርቮው እስከ ፊት የሚደርስ ረጅም ቱቦ ይፈልጋል። ከፍታም እገዛውን ይቀንሳል፤ ቡሬን በመሰለ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል።

ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ መኪና ከጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ሞተር ከጠፋ ሰርቮው ከጥቂት ርግጫ በላይ አያግዝም። ስለዚህ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሞተር አይጠፋም፤ ቁልቁለት የሚወረደው በከባድ ማርሽ ነው።