የቆየው የጥርስ ሙሊት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በየክሊኒካችን ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ በጥርሴ ውስጥ ያለው ብረት መርዝ ነው ይባላል፤ አውጣልኝ» የሚለን ሰው አይጠፋም። ጠያቂውን በፈገግታ መሸኘትም ሆነ ሳይመረምሩ መሰርሰሪያ ማንሣት ለሙያችን የሚገባ አይደለም።

በተለምዶ የብር ሙሊት የምንለው አማልጋም፣ ስሙ ብር ይሁን እንጂ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዚቃ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ባዚቃው ከነዚህ ጋር ተዋሕዶ ቢጠጥርም ጨርሶ አይታሰርም። ስናኝክ፣ በተለይም ጥርሳችንን ስናፋጭ፣ እጅግ ጥቂት ተን ይወጣል፤ በሳንባም በኩል ወደ ደም ይገባል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መጉዳቱ ሌላ ነገር ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ አባላቱ በአማልጋም እንዳይጠቀሙ ቃል እስከ ማስገባት ደርሶ፣ በዚሁ ጠብ ተዳክሞ በ1856 ፈረሰ። (እኛም ማኅበርተኞች ነንና ልብ እንበል።) ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ፣ ሁለተኛው በፖርቱጋል ሊዝበን፣ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። አማልጋም በተሞላላቸው ልጆች ሽንት ውስጥ የተገኘው ባዚቃ ከፍ ያለ ሲሆን፣ በአእምሮ ችሎታ ግን ከሌሎቹ ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ታዲያ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ፣ በሐኪም ግድ ነው ከተባለበት በቀር፣ በአማልጋም መሙላትን ለምን ከለከለ? ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የአካባቢ ጉዳይ ነው፤ ባዚቃ ወደ ውኃ ገብቶ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ይመለሳልና። ክልከላውም አዲስ ሙሊትን እንጂ የነበረውን አይመለከትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2020 ባወጣው ምክር፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለነርቭና ለኩላሊት ሕሙማን ሌላ ሙሊት እንዲመረጥ ሲያሳስብ፣ ደኅና የሆነው ነባር ሙሊት ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይነካ አስጠንቅቋል። ሲሰረሰር ተኑ ለጊዜው ይበዛል፤ ጤነኛው የጥርስ አካልም አብሮ ይቀነሳል።

አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ አገር በስልክ መክራቸው፣ አምስት ሙሊት እንዳወጣላቸው ሊጠይቁኝ መጡ። ድካም አላስቆም አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ብመረምር አራቱ ጠርዛቸው ያልተነቃነቀ ነው፤ አምስተኛው ተሰንጥቆ ከሥሩ በልቶታል። እርሱን ብቻ ለወጥሁ። «ልጄ፣ ለአራቱ መርዝ ፈረድህብኝ?» ብለው አዝነውብኝ ሄዱ። ለድካሙ ግን ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ልኬያቸው ኖሮ፣ የደም ማነስ ሆኖ ተገኘና በመድኃኒት ተሻላቸው። አምስቱን ብሰረስር ኖሮ ድካሙ ከነምክንያቱ ተሸፍኖ ይቆይ ነበር።

እንግዲህ የሚወጣው የተሰነጠቀው፣ ጠርዙ የለቀቀው፣ ከሥሩ የበላው ነው። ሙሊቱ በሚነካው የጉንጭ ሥጋ ላይ ነጭ መስመር ወይም ቁስል ከታየም አለርጂ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያሻል። ነፍሰ ጡር ከሆነችና ካላጣደፋት እስክትወልድ፣ ጡትም እስክታስጥል መቆየት ይበጃል። የሚተካው ነጭ ሙሊትም እንከን የለሽ አይደለም፤ በኋላ ጥርስ ላይ ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከአማልጋም ያጥራል፤ ይህን ታማሚው አስቀድሞ ይወቅ።

ማውጣት ግድ ሲሆን ጥርሱን በላስቲክ ሽፋን ለይቶ፣ ውኃ ሳያቋርጡ፣ በኃይለኛ መሳቢያ እየሳቡ፣ ሙሊቱን ከመፍጨት ይልቅ በጉልህ ቁራጭ ማንሣት ነው። ቁራጩም በሚከደን ዕቃ ይጠራቀም። ወደ ገንዳው መታጠብ የለበትም፤ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋርም አይደባለቅ፤ እሳት ያገኘው ባዚቃ ተን ሆኖ መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቱን ለሚያነደው ሠራተኛ ነው።